ሕመሙ ሲለቅዎት በሽታው የት ነበር?

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ውድ መሪጌታ ላቀው፣

ከሁሉ አስቀድሞ መነጽርዎን ያድርጉ። ተማሪዎ አለበል “እኔ ላንብብልዎ” ቢል እንዳይሰጡት። አለበል ጥሩ ሰው ነው፤ ከበሮ ሲመታም ደስ ይለኛል፤ ንባብ ላይ ግን የከበደውን እየዘለለ ማለፍ ይወዳል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው ከባዱ ላይ ነው። ለዓይንዎ እንዲመች ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌዋለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። ትምህርቱም እየገፋ ነው። እዚህ ሰው ብርድ ነው እያለ ሲንቀጠቀጥ የጋይንት ብርድ ትዝ ይለኝና እስቃለሁ። እርስዎስ እንዴት ነዎት? ጉሮሮዎን እንዴት አደረገዎት? ይህን የምጠይቅዎ ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት፤ ለምን እንደጠየቅኩ ኋላ ይደርሱበታል።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ያው አለበል ነው። ባለፈው ሳምንት ዘመድ ሊጠይቅ ጎንደር መጥቶ፣ እየጠየቀ እየጠየቀ የምማርበት ድረስ ፈልጎ አገኘኝ። ቆሎና ማር ሰጠኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ስለ አባቴ የላኩትን መልእክት ነገረኝ፦ “ታሂር ምነው ጠፋ? ጨው ይልካል፣ ክር ይልካል፣ ሰላምታ ይልካል፤ ራሱ ግን አይመጣም። እግር አልባ ሆኜ ሊያየኝ ከብዶት እንደሆነ፣ ወይም የጠየፈኝ እንደሆነ፣ ልጁ ትንገረኝ።”

መሪጌታ፣ አለበል ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ፤ በእርስዎም፣ በአባቴም። ሁለት አዋቂ ሰዎች፣ ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች፣ ይህችን አንዲት ነገር ተጠያይቃችሁ መጨረስ አቅቷችሁ አራት ዓመት ሙሉ በጨውና በክር ትላላካላችሁ። እንግዲህ እኔ ልግባበት።

አባቴ አልተጠየፈዎትም። እግርዎን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው።

ይህን ካነበቡ በኋላ ትንሽ አረፍ ይበሉና ይቀጥሉ።

እናንተ ከመጀመሪያውም የምትገርሙ ወዳጆች ነበራችሁ። አባቴ ከወገዳ በቅሎውን ጭኖ ተነስቶ የጋይንትን ገበያ ሲዞር፣ እናንተ ደብር ቤተ ልሔም ሲደርስ ጭነቱን የሚያራግፈው እርስዎ ደጅ ነበር። ይህን መነጽርዎንም ከደብረ ታቦር ያመጣልዎ እሱ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ለእሱ፣ የእስላም ሥጋ ለእርስዎ ስለማይሆን በመካከላችሁ የሚቀርበው ሁልጊዜ ቆሎና ማር ነበር። ቆሎውን እየቆረጠማችሁ ትከራከራላችሁ። ንቦች አውራቸውን እንዴት ይለያሉ? ጨው ከምድር ነው ከውሃ? በቅሎ ለምን አትወልድም? ልጅ ሆኜ አባቴን ተከትዬ ስመጣ ጥግ ተቀምጬ እሰማችሁ ነበር፤ ዛሬ የምጠይቀውን ሁሉ መጠየቅ የለመድኩት ከዚያ ይመስለኛል። አንድ ቀን እንኳ ተስማምታችሁ ስትለያዩ አላየሁም። አባቴ በቅሎውን እየጫነ “መሪጌታ፣ ይህን ነገር አስቤበት እመለሳለሁ” ይላል፤ ሲመለስም አስቦበት ነው።

የሰባ ስድስቱን ገና ያስታውሳሉ። እኔ ያኔ የጤና ረዳትነቴን ጨርሼ እዚያው ጋይንት ክሊኒክ ተመድቤ ነበር። “አርፈው ይቀመጡ፣ እርስዎ መምህር ነዎት” እየተባሉ፣ ነጠላዎን ወገብዎ ላይ ሸብ አድርገው ሜዳ ገቡ። ሩሯን ሲያሳድዱ የአንዱ ዱላ ግራ ባትዎን አገኘው። የማን ዱላ እንደነበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ በገና ጨዋታ የተመታ ሰው መቺውን አይጠይቅም። ቆዳው አልተቀደደም፣ ደም አልወጣም። በለዘ፣ ጥቂት አነከሱ፣ በቅቤ ታሸ፣ ተረሳ።

ጥምቀት ሲቃረብ ግን ያ የተረሳው ባት እንደገና ያምዎ ጀመር። ከላይ ሲያዩት ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም፤ ውስጡ ግን እንደ ፍም ነበር ብለውኛል። ይህን ለእኔ የነገሩኝ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ የነገሩት ለአባቴ ብቻ ነበር። እሱም ለጉልበቱ ቁርጥማት ሐኪም ካዘዘለት እንክብል ላይ ቆጥሮ ሰጠዎት፤ ኢንዶሜታሲን ይባላል፤ ሕመምንም እብጠትንም ትኩሳትንም የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እህል ቀምሰው ይውሰዱ፣ ካልተሻለዎት ሙሚና ጋ ይሂዱ አለዎት። እርስዎም እሺ አሉ።

ለእኔ ለምን እንዳልነገሩኝ አውቃለሁ። ብነግራት አስተኝታ ትከለክለኛለች ብለው ነው። አልተሳሳቱም፤ እከለክልዎ ነበር። የጥምቀት ማሕሌት ደግሞ ያለ እርስዎ አይቆምም። ካድሬዎቹ በዓሉን በዓይነ ቁራኛ በሚያዩበት ዘመን መሪጌታው ከቀሩ ደግሞ ወሬው ሌላ ይሆናል ብለው ሰግተዋል። ያም አለ፣ ይኼም አለ፣ እንክብሏን በነጠላዎ ጫፍ ቋጥረው ዝም አሉ።

የከተራ ጠዋት ለክትባት ወደ እናንተ መንደር መጥቼ ነበር። መሪጌታ ያነክሳሉ ሲሉኝ ቤትዎ ገባሁ። ቴርሞሜትር አደረግኩልዎት፤ ትኩሳት የለም። ባትዎን ዳሰስኩት፤ ትንሽ አብጧል። ያምዎታል ወይ ብልዎት ከመደብዎ ብድግ ብለው፣ መቋሚያዎን ሳይዙ፣ በሁለት እግርዎ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ይኸው ቆሜያለሁ” አሉኝ። “የቆመ ሰው ታመመ ይባላል?”

በእናንተ አገር የመሪጌታ ጤና የሚለካው በመቆሙ ነው፤ ይህን ያወቅኩት እዚያ ስሠራ ነው። ድጓ ያወቀ ሰው ስንት ሰዓት ይቆማል፣ መቋሚያውን ስንት ሌሊት ይደገፋል፣ ሕዝቡ የሚያየው ይህን ነው። ቆመው አደሩ። በማግስቱ ታቦቱ ፊት ወረቡን መሩ፤ ውሃው ሲረጭ እንደ ወጣት ዘለሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ነጋዴዎቹ ሎሚና ሸንኮራ ከሚሸጡበት ጥግ አባቴ ቆሞ ያይዎ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ለእስላም ሰው በታቦት ፊት በዛ ብዬ ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት ኋላ ነው።

በቃና ዘገሊላ እንክብሉ አለቀ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎ አያስታውሱትምና ልንገርዎት። አለበል እያለከለከ መጥቶ ጠራኝ። ስደርስ እግርዎ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ጠቁሯል፤ ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጥተዋል፤ ሰውነትዎ ይነዳል፤ እኔን በሌላ ሰው ስም “ንግሥት” እያሉ ይጠሩኛል። ክሊኒካችን ውስጥ የነበረውን ፔኒሲሊን ወጋሁዎትና ቃሬዛ ይሠራ አልኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዋለ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ዋለ፣ ጫማውን አውልቆ ከፊት ተሸከመ። ከመንደር መንደር እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየገባ፣ ቻይናዎቹ የሠሩት የመኪና መንገድ ድረስ ወሰዱዎት።

በመንገድ ሁሉ ያዜሙ ነበር። ሕሊናዎን ስተው እንኳ ዜማው አልጠፋዎትም። ተማሪዎችዎ ከቃሬዛው ሥር ሆነው እያለቀሱ ይቀበሉዎት ነበር፤ እርስዎ ይመሩ፣ እነሱ ይከተሉ። ድምፅዎ ግን ተሰንጥቆ ነበር። አባቴ በቅሎውን እየጎተተ አጠገቤ ይሄዳል። “ምን እያሉ ነው?” ይለኛል፤ ግዕዝ የት አውቄ ልንገረው? ቁልቁለቱን እንደጨረስን ቆመና ክንዴን ያዘኝ።

“ሙሚና፣ መድኃኒት ሰጥቻቸው ነበር” አለኝ። “ትናንት ሲዘሉ ሳይ በልቤ ኮርቼ ነበር። ውሃው አደረገ ይበሉ፣ እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ።”

ምን እንደሰጠዎት ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ያን ጊዜ የከተራ ጠዋቱ ቴርሞሜትር ትዝ አለኝና እኔም ቆምኩ። ደግሞ ተሸካሚዎቹ ራቁን፤ ሮጠን ደረስንባቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ አባቴ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ እስካለፈው ክረምት ድረስ።

ደብረ ታቦር ያሉት ሐኪሞች ከጉልበት በላይ ቆረጡት። ሥጋው ሞቶ ነበር፤ ሞቱም ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ እግሩ ባይሄድ እርስዎ ይሄዱ ነበር። ሊሞቱ ነው ብዬ ስንት ቀን አጠገብዎ እንደተቀመጥኩ አልቆጠርኩትም። ነፍስዎ መለስ ስትል ለቅሶ ይጀምራሉ ብዬ ስፈራ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩትና መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ የጠየቁኝን ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

“ሙሚና፣ እስቲ አንድ ነገር አስረጅኝ” አሉኝ። “ሕመሙ ለቆኝ ነበር። የውሸት አይደለም፣ ለቆኝ ነበር። ሕመሙ ሲለቀኝ በሽታው የት ተቀምጦ ነበር?”

አላውቅም አልኩዎት።

“እንግዲያ ፈልጊው። እኔ እጠብቃለሁ፤ ከእንግዲህ ወዴት እሄዳለሁ?” ብለው ሳቁ። ያን ሳቅ ሰምቼ ነው ወጥቼ ያለቀስኩት።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ነግረውኛል፤ እሱን ኋላ አነሳዋለሁ።

ፈለግሁት፣ መሪጌታ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጎንደር ስመረጥ ሰው ሁሉ ለደመወዝ ጭማሪ የሄድኩ መስሎታል። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ መምህራኑን ስጠይቅ አንዱ “ፈተና ላይ አይመጣም” አለኝ፤ እርስዎ ቢሰሙት በመቋሚያ ይሉት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች መጽሔቶች አሉ፤ ዘግይተው ነው የሚደርሱት፣ እንግሊዝኛውም ጥርስ ይሰብራል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች የጻፉትን አንድ አጭር ጽሑፍ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ሥጋ የሚበላ በሽታ የያዛቸው ጥቂት ሰዎች፣ በሽታው ሳይገለጥ በፊት እንደ አባቴ እንክብል ያለ መድኃኒት ሲወስዱ ነበር ይላል። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስጨርሰው ግን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መድኃኒቱ ነው ብለው አልፈረዱም፤ ይመርመር ብለው ነው የተዉት።

ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ አንድ መምህር አሉን፤ ጽሑፉን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ሸምገል ያሉ፣ ጭንቅላታቸውን እያከኩ የሚያስቡ ሰው ናቸው፤ ሳያቸው እርስዎ ትዝ ይሉኛል፣ ጥምጥም ብቻ ነው የጎደላቸው። ታሪክዎን ከገና ጀምሬ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው የጠየቁኝ ስለ እግርዎ አልነበረም።

“ሰውየው ከመመታቱ በፊት ጉሮሮውን ያመው ነበር?” አሉኝ።

እኔ እንዴት አውቃለሁ ልል ስል ትዝ አለኝ። አውቅ ነበር እንጂ! በዚያ ጾመ ነቢያት እርስዎ ቤት ስመጣ ድምፅዎ ተዘግቶ በምልክት ነበር የሚያስተምሩት። ተማሪዎችዎም ግማሾቹ አንገታቸው አብጦ ሲውጡ ፊታቸውን ያኮሳትሩ ነበር። ብርድ ነው ብላችሁ ዝንጅብልና ማር ትጠጡ ነበር። ለሳቸው ይህን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነስተው ሰሌዳው ላይ መሳል ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሮሮን የሚያሳምም አንድ ባክቴሪያ አለ፤ በዓይን አይታይም። ብዙውን ጊዜ ጉሮሮን አሳምሞ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ግን ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። ሰውነት ደኅና ከሆነ እዚያው ይገድለዋል። የተመታ፣ የበለዘ፣ ደም የቋጠረ ሥጋ ካገኘ ግን እዚያ ያርፋል፤ ካረፈም ይፈላል። ቆዳው ሳይቀደድ በሽታ እንዴት ወደ ባቴ ገባ ብለው ሆስፒታል ሲያስቡ ነበር። ምናልባት ከላይ ነው የገባው፣ መሪጌታ። ምናልባት እግርዎን የወሰደው ድጓ የሚያዜሙበት ጉሮሮ ነው።

ይህን ሳውቅ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ስንቱን ነገር ስናማ ከርመን፣ ዱላውን ስናማ፣ እንክብሉን ስናማ፣ ቅቤውን ስናማ፣ ጉሮሮዎን ያሰበ አንድም ሰው የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እናንተ መጽሐፍ ስትተረጉሙ አንድ ቃል በአንድ ፍች አትጨርሱም፤ “አንድም” እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ልጅ ሆኜ ስሰማ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነበር፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን አያባርረውም። እኔም የሐኪሞቹን ነገር ስመረምር በዚያው መንገድ ካልሆነ አልያዝ አለኝ። እስቲ እንደ ተማሪዎ ቆጥረው ያድምጡኝና ያርሙኝ።

ሕመሙ ሲለቅዎት በሽታው የት ነበር? እዚያው ነበር። ትኩሳት፣ እብጠት፣ ሕመም በሽታው ራሱ አይደሉም፤ ሰውነት በሽታውን ሲያይ የሚያሰማው ጩኸት ነው። እንክብሉ ጩኸቱን ዝም አሰኘው። ሌባው ግን ቤት ውስጥ ነበር። እኔም ቴርሞሜትር ይዤ መጥቼ ጸጥታውን ሰማሁና ሰላም ነው ብዬ ሄድኩ። በዚህ ፍች የጠፋው ጊዜ ነው።

አንድም፣ ጩኸቱ ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ውጊያውም እሱው ነው። ያ የሚያቃጥለውና የሚያሳብጠው ነገር ሰውነት ወታደሮቹን ወደ ቦታው ሲልክ ነው። እንክብሉ ያንን ሲያበርድ ወታደሮቹንም አድክሞ በሽታውን አፍጥኖት ይሆናል። ይህን የሚሉ አሉ፤ የሚጠረጥሩ ናቸው እንጂ ያረጋገጡ ግን አይደሉም።

አንድም፣ እንክብሉ ምንም አላደረገም። ጥምቀት ሳይደርስ ያ ከላይ የማይታይ፣ ውስጥ ውስጡን የሚያቃጥል ሕመም ሲጀምርዎ በሽታው አስቀድሞ ገብቶ ነበር። መድኃኒት ያስፈለገዎትም በሽታው ስለገባ ነው። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን መክሰስ፣ ጥሩንባ ነፊው በየለቅሶው ቤት ስለሚታይ ሰዎቹን የሚገድላቸው እሱ ነው እንደማለት ነው።

ጀርመናዊውን ሽማግሌ የቱ ነው እውነቱ አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉና “ገና አናውቅም” አሉኝ። ከሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው። ያን ያህል ተምረው፣ ያን ያህል ሸብተው፣ አናውቅም ሲሉ አላፈሩም። እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ከሚታየው ቁስል በላይ የሚያም ሕመም ሲመጣ ማብረድ ብቻ አይበቃም፣ ቶሎ ማሳየት ነው። ተማሪዎችዎም ጉሮሯቸው ሲያብጥ ዝንጅብሉን ይጠጡ፣ ግን ክሊኒክም ይላኩልኝ። ይህን ያህል ትእዛዝ ለእርስዎ መስጠቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ከእግርዎ የተማርኩት ስለሆነ የእርስዎው ትምህርት ነው።

አሁን ወደ አባቴ።

ባለፈው ክረምት ወገዳ ወርጄ ነበር። እናቴ ዘሀራ ሁሉንም ነገረችኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የጋይንትን ገበያ ትቶ፣ በዚያ ጉልበቱ እስከ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ድረስ እየዞረ ነው የሚነግደው። መንገዱ ይረዝማል፣ ትርፉ ያንሳል፤ ቤተ ልሔምን ግን አያይም። ያን እንክብል ደግሞ ዳግመኛ አልዋጠም። ጉልበቱ ተቆልፎ ለሶላት ሲሰግድ ተነስቶ ለመቆም ግድግዳ ይይዛል። ሐኪም የሰጠውን ሁሉ እናቴ ከመሬት ተቀብሮ ታገኘዋለች። አንዴ እህል ፈልጋ ጉድጓድ ስትከፍት ጠርሙሱን አውጥታ እየሳቀች አሳየችኝ፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። መሪጌታ፣ አባቴ እየጎበጠ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ከቤት መውጣት ያቅተዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ እሱም አይመጣ፣ እርስዎም አይሄዱ፣ በየቤታችሁ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ።

ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ጉሮሮውንም፣ ሦስቱንም ፍች። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ሚዛኑን እያጸዳ፣ “ያንቺ መጽሐፍ ምናልባት ይላል” አለኝ። “ምናልባት ለእኔ አይበቃኝም፣ ልጄ።”

ዋሽቼ አንተ የለህበትም ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት ብዬ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። አባቴ ግን ሲዋሽለት ያውቃል፤ ነጋዴ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ሳያይ፣ “መሪጌታ ምን አሉ?” አለኝ። ስንት ነገር ነግሬው የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎት ይህን ነው። ይሂዱ። በቅሎ ላይ መቀመጥ እንደለመዱ አለበል ነግሮኛል፤ ተቀምጠው እንደሚያስተምሩ፣ ወረቡንም ከመደብ ላይ ሆነው በእጅዎ እንደሚመሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጾሙ ሳይገፋ፣ መንገዱም ደረቅ ሳለ ወገዳ ይውረዱ። ግን አደራዎን፣ “ይቅር ብዬሃለሁ” ብለው እንዳይገቡ። ይቅርታ ይዘውለት ከሄዱ አንገቱን ደፍቶ ያለቅስና በቅሎዎን አጥግቦ ይሸኝዎታል፤ ተመልሶም አይመጣም። ጥያቄውን ይዘውለት ይሂዱ። ይህን ደብዳቤ ፊቱ ዘርግተው፣ ቆሎ አስመጥተው፣ “ታሂር፣ ልጅህ ሦስት ፍች አምጥታለች፣ አንተ የትኛውን ትላለህ?” ይበሉት። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ አንዱን ያጣጥላል፣ ከዚያ አራተኛ ያመጣል።

ሆስፒታል የነገሩኝ ያ ሌላው ነገርም አለ። አባቴ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ያለዎትን፣ እርስዎ ለመቆም ብለው እጥፍ እጥፉን እየዋጡ፣ ወደ እኔ ይሂዱ ያለዎትንም ትተው እንደሰነበቱ። “ልጁ ስለሆንሽ ለአንቺ ልናገር” ብለው ነው የነገሩኝ። አባቴ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔ አልነገርኩትም፤ የእርስዎ ነገር ነውና እርስዎ ይንገሩት። እኔ ብነግረው ልጄ ልታጽናናኝ ፈጠረችው ይላል። ከእርስዎ አፍ ሲሰማው ግን ያምናል፤ ይቆጣዎታልም። ቢቆጣዎት ደስ ይለኛል፤ በሰው ላይ ከተቆጣ ስንት ጊዜው።

የመጨረሻ አንድ ነገር። ሱቁ መደርደሪያ ላይ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ አለ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ያዘዙት ነው፤ የደረሰው እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። ሁለቱንም ልላክ ቢል ከበደው፣ አንዱን ልላክ ቢል ከበደው፣ ልሽጠው ቢልም አልሆነለትም። ገዥ ዋጋ ሲጠይቀው “ባለቤት አለው” ይላል። አቧራውን በየቀኑ ይጠርገዋል።

ሲገቡ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ “ታሂር፣ ጫማዬን አምጣ” ይበሉት። አይቸኩሉ፣ ይጠብቁት። እንደ ድሮው ለክርክር ቀና ብሎ “የትኛውን?” ብሎ የጠየቀዎት እንደሆነ፣ አባቴ ተመልሷል ማለት ነው፤ ወዲያው ይጻፉልኝ።

በየዱዓዬ የማልረሳዎት፣ ጥያቄዎን ገና ያልጨረስኩት ተማሪዎ
ሙሚና ታሂር